«ጭንቀት ነው» ምርመራ አይደለም

መቀሌ ውስጥ የካንሰር ሕክምና ጨርሶ የወጣ ሰው የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ የሚጠብቀው መልስ አንድ ነው፤ «ጭንቀት ነው»። ጎረቤት ይለዋል፤ የነፍስ አባት ይሉታል፤ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ የቆመው ወጣት ይለዋል፤ አንዳንዴም ጋዋን የለበሰው ባለሙያ ራሱ ይለዋል። ነገሩ በዚያ አያበቃም። «በዚህ ከተማ በጦርነቱ ግፊት ያልጀመረው ማን አለ?» የሚለው ይከተላል፤ ማሳረጊያውም «ካንሰርን ያህል ነገር ተገላግለው ስለ ግፊት ይጨነቃሉ? ያመስግኑ እንጂ አደይ» ይሆናል። አደይም ያመሰግናሉ። መለኪያው ላይ የታየው 180 ግን ስለተመሰገነ አይወርድም።

መልሱ በደግነት የሚሰጥ በመሆኑ መቃወም ያሳፍራል። ሰው ሊያጽናና አስቦ የተናገረውን ቃል ይዞ መሟገት የክፉ ሰው ሥራ ይመስላል። ቢሆንም እሟገታለሁ። ከካንሰር ሕክምና በኋላ የሚታይ ግፊት ብዙ ጊዜ ከሕክምናው ጋር የመጣ ነው፤ እንደ ሕክምናው አካል ተቆጥሮ መለካት፣ መመዝገብና መታከም አለበት። «ጭንቀት ነው» የተባለ ሰው ከሦስቱም ይቀራል። የሚያስቀው ደግሞ ለጭንቀቱም ቢሆን የሚያክመው የለም፤ «አይጨነቁ» ተብሎ ይሸኛል።

በቅድሚያ ለተከራካሪዎቼ የሚገባቸውን ልስጥ። ጦርነት ግፊት ያመጣል፤ ከበባም ያመጣል። ይህን ለመቀሌ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት የትግራይን ጤና ተቋማት ምን እንዳደረጋቸው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽፎታል። ቡድኑ ከጎበኛቸው 106 ተቋማት መካከል እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ ሰባ የሚጠጉት ተዘርፈዋል። ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ባንኩ፣ ስልኩና መንገዱ ተዘጋ። የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ለወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ፤ የካንሰር መድኃኒትም፣ ኢንሱሊንም፣ የግፊት ኪኒንም አለቀ። ግፊታቸውን በመድኃኒት ይዘው የኖሩ ሰዎች መድኃኒታቸው ተቋርጦ ኩላሊታቸውንና አንጎላቸውን ያጡበት ዘመን ነው። ይህን የካደ ሰው ስለ መቀሌ ባይጽፍ ይሻላል።

ይህ ግን የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ለ872 ቀናት ከብቦ ሲይዛት፣ ከመጀመሪያው የረሃብ ክረምት በኋላ የከተማይቱን ሆስፒታሎች የግፊት ሕመምተኛ አጥለቀለቃቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ያንን ረሃብ ለጉርምስና በተቃረቡበት ዕድሜ ያሳለፉ ወንዶች ከዐሥርት ዓመታት በኋላም ግፊታቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳየ። ታሪኩን ሲሰሙ ተከራካሪዎቼ «አላልንህም?» ይሉኛል። ብለዋል። ይሁንና ይህን ዛሬ ልናውቅ የቻልነው የሌኒንግራድ ሐኪሞች ራሳቸው እየተራቡ ስለለኩና ስለመዘገቡ ነው። እነሱ ዘንድ ጦርነቱ አብዝቶ የመለካት ምክንያት ሆነ፤ እኛ ዘንድ ላለመለካት ሰበብ ሆኗል።

ደግሞስ አንዱ ምክንያት ሌላውን ሲሽር የት ታየ? ከጦርነቱ አምስት ዓመት በፊት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በመላ አገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ጦርነትም ካንሰርም ሳይመጣ ከስድስት ሰው አንዱ ነበረበት። በዚያ ላይ ከበባው ተጨመረ፤ በዚያ ላይ ካንሰሩ፤ በዚያ ላይ ለካንሰሩ የተሰጠው መድኃኒት። ከአራቱ አንዱን መርጦ «ይሄ ነው» ማለት ለአፍ ይቀላል። የቀሩትን ሦስቱን ግን ከዶሴው ያወጣቸዋል፤ በተለይም የመጨረሻውን፣ ማለትም መቼ እንደተሰጠ፣ ስንት እንደተሰጠና ምን እንደሚያደርግ በትክክል የሚታወቀውን ብቸኛ ምክንያት።

እስቲ ወደዚያው ልግባ። አንድ የካንሰር ሕመምተኛ በደም ስሩ ከሚገባለት ዋናው መድኃኒት በፊት ወይም አብሮ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ይሰጠዋል። ፓክሊታክሴል የምትወስድ ሴት ሰውነቷ መድኃኒቱን እንዳይቆጣ አስቀድማ ዴክሳሜታዞን ትወስዳለች፤ ማስታወክን ለመከላከልም ይኸው ዴክሳሜታዞን ይታዘዛል። የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ያለበት ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ለተከታታይ አምስት ቀናት ብዙ ፕሬድኒሶሎን ይውጣል። ስቴሮይድ ጨውንና ውሃን በሰውነት ውስጥ ያስቀራል፤ ደም ስርም ለሚያጠብቡት ንጥረ ነገሮች ያለውን ስሜት ይጨምራል፤ ግፊት ይወጣል። መቀሌ ከዳናክል በግመል በመጣ አሞሌ ጨው ንግድ የደለበች ከተማ ናት፤ በርበሬያችንም ሲደለዝ ጨው ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን የሚለውን ጨው የእኛ ማዕድ ሳይታወቀው ያልፈዋል። ስቴሮይድ ላይ ላለ ሰው «እንደ ልብዎ ይብሉ፣ አቅም ያገኛሉ» ብሎ ጨው የበዛበት ሽሮ ማቅረብ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ማን ነው? ዙሩ አልቆ ስቴሮይዱ ሲቆም ግፊቱ የሚወርድላቸው ብዙዎች ናቸው። የማይወርድላቸውም አሉ። የትኛው ወገን እንደሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ሲለኩ ነው።

ሲስፕላቲን ሌላ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሚመጣው የማኅፀን በር ካንሰር ዋነኛው መድኃኒት እሱ ነው፤ ከጨረር ጋር በየሳምንቱ ይሰጣል። ኩላሊትን ይጎዳል፤ የደም ስርን የውስጥ ሽፋንም ይጎዳል። ፕላቲነም ያለበት መድኃኒት ስለሆነ የሰውነት ውስጥ ቆይታው ያስገርማል፤ ለወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር በሲስፕላቲን የታከሙ ሰዎች ደም ሲመረመር ከ20 ዓመት በኋላ እንኳ የፕላቲነም ርዝራዥ ተገኝቷል። እንዲህ ዓይነት ሰው በአሥረኛው ዓመት ግፊት ሲይዘው «የዘንድሮ ኑሮ ነው» ይባላል። የማኅፀን በር ካንሰር ደግሞ ራሱ ዘግይቶ ሲገኝ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደውን የሽንት ቱቦ ይጫናል፤ ኩላሊቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ግፊቱ ይወጣል። አብዛኞቹ የአገራችን ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው እንደሆነ ማንም አይስተውም። ለዚህች ሴት ግፊቷ የኩላሊቷ ጩኸት ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀት ነው ብሎ መመለስ በሽታውን መመለስ ነው።

የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው አባቶች የሚሰጣቸው አቢራቴሮን በአድሬናል ዕጢ ውስጥ ያለውን ሚዛን አዛብቶ ጨው የሚያስቀር ሆርሞን እንዲበዛ ያደርጋል፤ ግፊቱ ይጨምራል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል። ከፕሬድኒሶሎን ጋር የሚታዘዘው ይህን ለማብረድ ነው። አባትዬው ፕሬድኒሶሎኑን «ይሄኛው ለምን እንደሆነ አላውቅም» ብለው ቢተዉት የሚሆነውን መገመት ቀላል ነው። አንገት ላይ የተሰጠ ጨረር በአንገት ደም ስር ውስጥ ያለውን የግፊት መቆጣጠሪያ ሊያበላሽ ይችላል፤ ሆድ ላይ የተሰጠ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስር ሊያጠብ ይችላል። በቀዶ ሕክምና አንድ ኩላሊቱ የወጣለት ልጅም አለ። ከዚህ ሁሉ ጋር ለቁርጥማቱ ከሱቅ ገዝቶ የሚውጠው ዳይክሎፌናክ አለ፤ እሱም ግፊት ይጨምራል፤ ካርድ ላይ ግን አይጻፍም።

ከሁሉም ይልቅ ክርክሬን የሚያቆምልኝ የሚከተለው ነው። ዕጢ ሲያድግ የራሱን ደም ስር የሚዘረጋበት መልእክት ያስተላልፋል። ቤቫሲዙማብና ሱኒቲኒብ የመሳሰሉት መድኃኒቶች ይህን መልእክት ይዘጋሉ። ችግሩ ያው መልእክት ለጤነኛው ደም ስርም ያስፈልገዋል፤ ደም ስር ዘና እንዲል የሚያደርገው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚመረተው በእሱ ነውና። መልእክቱ ሲዘጋ ደም ስሮች ይጨማደዳሉ፣ ቀጫጭኖቹም ይሳሳሉ፣ ኩላሊት ፕሮቲን ማፍሰስ ይጀምራል፣ ግፊቱም በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይወጣል። እነዚህ መድኃኒቶች በእኛ አገር ብርቅ ናቸው፤ ዋጋቸው አይቀመስም። ነገር ግን እያንዳንዷ የትግራይ አዋላጅ ይህን በሽታ በሌላ ስሙ ታውቀዋለች። በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ ግፊት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን የሚያሳየው፣ መንቀጥቀጥ የሚያመጣው፣ መነሻው የእንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑም የሚያደርገው ያንኑ የደም ስር መልእክት መምጠጥ ነው። መንገዱ አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና እዩ። ነፍሰ ጡር በመጣች ቁጥር ግፊቷ ይለካል። ካርዷ ላይ ለእሱ የተተወ ቦታ አለ። ባሏ ዘማች ይሁን፣ ቤቷ ይቃጠል፣ ወንድሟ ይሙት፣ 160 በ110 ካሳየች «ጭንቀት ነው፣ ሂጂ» የሚላት የለም፤ ቢኖር ይጠየቃል። እናቲቱ ሐዘንተኛ መሆኗ አልተካደም፤ ሐዘኗ ግን ከመለካትና ከመታከም አላስቀራትም። ይህን ሥርዓት በገጠር ጤና ጣቢያ፣ በአንድ የልብ ማዳመጫና በአንድ መለኪያ መዘርጋት የቻለች አገር ያንኑ ለካንሰር ሕመምተኛ ማድረግ ያቃታት በድህነቷ ነው ብል ራሴን እያታለልኩ ነው። ያቃታት ማንም «የእኔ ነው» ስላላለው ነው።

እዚህ ላይ ብርቱው ተቃውሞ ይመጣል፤ ከሐኪሞቹ ነው የሚመጣው። «አንተ ስለ ግፊት ታወራለህ፤ እኛ የካንሰሩን መድኃኒት አጥተናል» ይላሉ። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለሃያ ዓመት ገደማ አዲስ አበባ ባለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ የመቀሌ ሰው ወደ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይሄድ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ያም ተዘጋ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ እንኳ አውሮፕላን መቀሌ እስኪያርፍ ታኅሣሥ 19 ድረስ ተጠበቀ። እንዲህ ባለ አገር የካንሰርንና የልብን ሕክምና አጣምሮ መያዝ የአውሮፓ ቅንጦት ነው፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በጉዳዩ ላይ የመጀመሪያ መመሪያውን ያወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው ይላሉ።

የሐኪሞቹን ድካም አከብራለሁ፤ ክርክራቸውን ግን አልቀበልም። ቅንጦት የሚባለው ውድ ነገር ነው። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል ከመድኃኒት ሁሉ ርካሾቹ ውስጥ ናቸው፤ የትኛውም የመቀሌ መድኃኒት ቤት ስማቸውን ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ብሎ ባደሰው ዝርዝር ውስጥ አቢራቴሮንን ሲያስገባ በዚያው ዓመት ሁለት የግፊት መድኃኒቶችን በአንድ ኪኒን የያዙትንም አስገብቷል። አንድ ዝርዝር፣ አንድ ዓመት። አንደኛውን ለማግኘት ስንታገል ሌላኛውን እያለን መተዋችን ምን ይባላል? ያ የአውሮፓ መመሪያም ቢሆን ለግፊት የሚጠይቀው ሮኬት አይደለም፤ ከሕክምናው በፊትም በየቀጠሮውም ለኩ፣ ከ140 በ90 በታች አድርጉት፣ 180 በ110 ከደረሰ እስኪወርድ ድረስ የካንሰር መድኃኒቱን አዘግዩ ነው የሚለው። የመጨረሻውን ልብ በሉ። ግፊት ባለመታከሙ ብቻ የካንሰሩ ሕክምና የሚቆምበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ ስንት ተለምኖ፣ ስንት ተሸጦ የመጣ ነው፤ በአንድ አምሎዲፒን እጦት ቀጠሮ ሲያልፈው አያስቆጭም?

ስለ ልብ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን፣ ያ ቀዩ፣ ሽንትን የሚያቀላው፣ በመጠን ሲበዛ የልብ ጡንቻን ያደክማል። ይህ የታወቀ ነው፤ ሐኪሞቻችንም መጠኑን እየደመሩ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ከ10 ሺህ በላይ የሆኑ በልጅነታቸው ካንሰር ታክመው የዳኑ ሰዎች ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው ግን ተጨማሪ ነገር አለ። መድኃኒቱን በወሰደ ሰው ላይ ግፊት ሲጨመርበት የልብ ድካም ዕድሉ የሁለቱ ድምር ብቻ አይሆንም፤ ከድምራቸው ይበልጣል። መድኃኒቱ አንዴ ከገባ አይወጣም። ግፊቱን ግን ማውረድ ይቻላል። ሐኪሙ በእጁ ያለው አንድ ማስተካከያ ይህ ሆኖ ሳለ «ካንሰሩ ድኗል» ብሎ ማሰናበት የዳነውን ሰው ለሌላ ሞት አሳልፎ መስጠት ነው።

በቅንነት የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ሁሉም ግፊት በመድኃኒቱ ነው ወይ? አይደለም። በሜምፊስ የሚገኘው የሴይንት ጁድ ሆስፒታል በልጅነታቸው ካንሰር ድነው ያደጉ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ግፊት ከሚጠበቀው በ2.6 እጥፍ በዝቶ አግኝቷል፤ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ከመቶ ሰባ በላይ የሚሆኑት ግፊት ይዟቸዋል። ከሕክምናዎቹ መካከል ግን ከግፊቱ ጋር በግልጽ የተያያዘው የኩላሊት መውጣት ነበር፤ ጨረሩና ኬሞቴራፒው እንደታሰበው አልወጡም። ለክርክሬ የማይመች ግኝት ነው፤ ቢሆንም አመጣሁት። በየትኛው በር እንደገባ ባይለይም እነዚህ ሰዎች ዘንድ ግፊት በሁለት እጥፍ ተኩል በዝቶ ይገኛል። ሰበቡ እስኪጣራ ድረስ አንለካም የሚል ካለ፣ ሌባው በመስኮት ይግባ በበር እስኪታወቅ ቤቱን አንዘጋም እንደማለት ነው።

በሌላ በኩል ግማሽ እውነት ይዘው የሚመጡም አሉ። «ግፊት መውጣቱ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው» ይላሉ፤ በእነ ቤቫሲዙማብ ላይ እንዲህ ያለ ዝምድና ያዩ ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ይተው» ማለት ግን ከየት መጣ? ግፊቱን ማከም የካንሰሩን መድኃኒት ሥራ አያቆመውም። ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን የግፊቱን መድኃኒት ስንመርጥ ነው፤ ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ከብዙ የካንሰር ኪኒኖች ጋር ጉበት ውስጥ ይጋጫሉና። ለዚህ ነው ግፊቱን በራስ ፈቃድ መድኃኒት ቤት ሄዶ ማከምም፣ የካንሰሩን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቆምም የማያዋጣው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከሆስፒታል የተመለሰች ሴት ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆዷ ታኝካለች፤ የሽፈራው ቅጠል ታፈላለች፤ ጠበል ትሄዳለች። ነጭ ሽንኩርት መብላቷን አልቃወምም፤ ሽንኩርቱ 180ን የሚያወርድ ስላልሆነ ብቻ ኪኒኑን እንዳይተካ እፈልጋለሁ። ጠበልን በሚመለከት ለመከራከር የሚቃጣው ሰው ቤተ ክርስቲያን በኤች አይ ቪ ጊዜ የሄደችበትን መንገድ ያስታውስ፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማኑ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። አባቶች ለዚያ ኪኒን ያሉትን ለዚህኛው እንዳይሉ የሚከለክላቸው የለም፤ የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ጾሙ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፤ ግን በመፍትሔው ቀላል ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ እናት «ጠዋት ይዋጥ» የተባለችውን ኪኒን ትተዋለች፤ ለሐኪሙም አትነግረውም፤ ሐኪሙም አይጠይቃትም። ለሃምሳ አምስት ቀን መድኃኒት አቁማ ፋሲካን ትቀበላለች። በእንግሊዝ ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበትና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የግፊት መድኃኒትን ጠዋት መውሰድና ማታ መውሰድ በልብ ድካምም፣ በስትሮክም፣ በሞትም ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። እንግዲያው በቀን አንዴ የምትወሰደው አምሎዲፒን ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከእንጀራው ጋር ብትዋጥ ምን ነውር አለው? ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀጠሮ ላይ መናገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አለመነገሩን ግን «ሕመምተኞቻችን መድኃኒት በአግባቡ አይወስዱም» ብለን እንጽፈዋለን።

ስለ መለካቱም አንድ ነገር ልበልና ላብቃ፤ ብዙ ጊዜ «ለክተናል» የሚባለው አለመለካት ነውና። ከደረጃ ላይ እየተነፈሰ የገባ ሰው ወዲያው ክንዱ ተጠቅልሎ፣ ቡና ከጠጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው፣ እያወራ ሲለካ የወጣው ቁጥር «ጭንቀት» ለሚሉት ጥሩ መከራከሪያ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ሆኖ ሁለት ጊዜ ቢለካ ጭንቀቱም ይበርዳል፤ የቀረው ግፊት ነው። በካንሰር የከሳ ሰው ክንድ ላይ ሰፊ መጠቅለያ ከተጠቀለለ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ይወጣል፤ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያስወጣች ሴት በዚያ ወገን ያለው ክንዷ እንዳይጨመቅ ቢባል ሌላው ክንድ አለ። «በዚህ በኩል አይቻልም» ተብሎ ሳይለካ የሚታለፈው ሕመምተኛ ጉዳይ ግን ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ታዲያ የማን ሥራ ነው? የካንሰር ክፍሉ ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል ይገፋዋል፣ ያኛው «የእናንተ መድኃኒት ያመጣው ነው» ይላል፣ ሕመምተኛው መሐል ላይ ሌላ ካርድ ለማውጣት ይሰለፋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የአውሮፕላን ቦምብ ሕፃናትን በገደለበት በዓይደር አካባቢ የተሠራውና የሰፈሩን ስም የያዘው ሆስፒታል ከትግራይ አልፎ ለአፋርና ለሰሜን አማራ ሕሙማን ያገለግላል። ከዚያ የሚወጣ ሰው ወደ ሳምረ፣ ወደ በራህሌ፣ ወደ ቆቦ ይሄዳል። እዚያ ያለችው ነርስ የታከመበትን መድኃኒት ስም አታውቅም፤ «ኬሞ ወስዷል» የሚል ብቻ ትሰማለች። የሚያስፈልጋት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ የወሰደው መድኃኒት ስምና ጠቅላላ መጠን፣ ጨረር የተሰጠበት ቦታ፣ የወጣ ኩላሊት ካለ፣ ሕክምናው ሲጀመርና ሲያልቅ የነበረው ግፊት፣ የመጨረሻው የኩላሊትና የሽንት ምርመራ፣ ከዚህ በኋላ በየስንት ወሩ እንደሚለካ። በነፍሰ ጡር ካርድ ላይ ያለውን የግፊት ዓምድ ወደ ካንሰር ካርድ መገልበጥ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ሕክምናው እስካለ ድረስ የካንሰር ክፍሉ ይለካ፣ ራሱም አምሎዲፒኑን ይጀምር፤ ሕክምናው ሲያልቅ ወረቀቱን ጽፎ ለጤና ጣቢያው ያስረክብ። ወረቀቱን ያልጻፈ ክፍል ሕክምናውን ጨርሻለሁ ማለት የለበትም።